ያየነውን እንናገር፣ የገመትነውን እንያዝ

ሰው ገድሏል ተብሎ የሚፈለግ ሰው ሲሰወር ጫንጮ ላይ የሚሰማው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ወደ ላይ ወጥቷል!» እጅ የሚጠቁመው ወደ ጎጃም መንገድ ነው። መንገዱ ከአዲስ አበባ ተነስቶ እንጦጦን ይሻገራል፤ የሱሉልታን ሜዳ አቋርጦ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ከተማችንን ይሰነጥቃል። ከዚያ ሙከጡሪን፣ ደብረ ጽጌን፣ ፍቼንና ገብረ ጉራቻን ትቶ ጎሃ ጽዮን ላይ ከአባይ በረሃ አፋፍ ይደርሳል። ከአባይ ማዶ ጎጃም፣ ከጎጃም ወዲያ ጎንደርና ሰሜን ተራራ አለ። ወሬ ሰው ሊደብቅበት ሲፈልግ ይህ ሁሉ አገር ሰፊ ነው፤ ገደሉ ጥልቅ፣ ዋሻው ብዙ፣ ጫካው ጨለማ ነው።

እናቴ በዚህ መንገድ ዳር ቁርስ ቤት አላት። ያደግሁት እዚያ ነው፤ ዛሬም ከጽሑፍ ሥራዬ በሚተርፈኝ ጊዜ ጨጨብሳና እርጎ አቀርባለሁ። ከጎጃም እህል የጫነ፣ ከደርባ ሲሚንቶ የጫነ፣ ከአዲስ አበባ ሸቀጥ የጫነ ሹፌር ሁሉ ከነረዳቱ እኛ ቤት ይቀመጣል። ወሬም አብሮት ይቀመጣል። በአገር ላይ ክፉ ነገር ሲደርስና ተጠርጣሪው ሲሰወር ሰው እንዴት እንደሚያወራ፣ ወሬው እንዴት እንደሚያድግ፣ በመጨረሻም በማን ላይ እንደሚወድቅ ያየሁት ከዚያ ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ ነው። ይህን የምጽፈውም የሚወድቅበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈለገው ሰው ስላልሆነ ነው።

የሰኔ 2011 ቀናት

ቅዳሜ ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. ባሕር ዳር ውስጥ በስብሰባ ላይ በነበሩ የአማራ ክልል መሪዎች ላይ ጥቃት ተከፈተ። ርዕሰ መስተዳድሩ ዶክተር አምባቸው መኮንንና አማካሪያቸው አቶ እዘዝ ዋሴ ተገደሉ። የክልሉ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ አቶ ምግባሩ ከበደ ክፉኛ ቆስለው ሰኞ ዕለት አረፉ። በዚያው ቅዳሜ ምሽት አዲስ አበባ ላይ የጦር ኃይሎች ኤታማዦር ሹም ጄኔራል ሰዓረ መኮንንና አብረዋቸው የነበሩት ጡረተኛው ሜጀር ጄኔራል ገዛኢ አበራ ተገደሉ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በሌሊት የወታደር ልብስ ለብሰው በቴሌቪዥን ቀረቡ። ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋረጠ።

መንግሥት የባሕር ዳሩን ጥቃት መርተዋል ያላቸው የክልሉ የሰላም ግንባታና ሕዝብ ደኅንነት ቢሮ ኃላፊ ብርጋዴር ጄኔራል አሳምነው ጽጌ ነበሩ። ለዓመታት ታስረው የካቲት 2010 ላይ የተፈቱ የጦር መኮንን ናቸው። እሑድ ሲነጋ የት እንዳሉ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

እኛ ቤት ግን ሁሉም ያውቅ ነበር። ኢንተርኔት ስለሌለ ዜናው የሚመጣው በመኪና ነው። አንዱ አይሱዙ ነጂ ከደጀን ሲመጣ የሰማውን ነገረን፦ ወደ ሱዳን ድንበር አልፈዋል። ሌላው ከአዲስ አበባ ሲመጣ ላሊበላ ዋሻ ውስጥ ናቸው አለ። ሦስተኛው አባይ በረሃ ውስጥ ብዙ ሰው ይዘው ተደብቀዋል ብሎ ማለ። «ማን ነገረህ?» ሲባል «አንድ የማምነው ሰው» ይላል። የሚያምነው ሰው ደግሞ ሌላ የሚያምነው ሰው አለው። ከሦስቱ አንዱም በዓይኔ አየሁ አላለም፤ እኛም አልጠየቅንም። ጥያቄያችን ሁሉ «ከዚያስ?» ነበር።

ዜናው ሰኞ ሰኔ 17 ቀን መጣ። ጄኔራሉ ባሕር ዳር ዳርቻ፣ ዘንዘልማ አካባቢ፣ ከጸጥታ ኃይሎች ጋር በተደረገ ተኩስ ተገድለዋል ተባለ። ከጥቃቱ ሥፍራ የራቁት በጥቂት ኪሎ ሜትሮች ብቻ ነበር። ሱዳንም፣ አባይ በረሃም አልደረሱም። ላሊበላ የደረሱት አስከሬናቸው ለቀብር በተወሰደ ጊዜ ነው።

በእነዚያ ሁለት ቀናት ውስጥ የሆነ አንድ ነገር ግን ከዜናው ሁሉ በላይ አእምሮዬ ውስጥ ቀርቷል።

ጫማው ጭቃ የነበረው ልጅ

ሰኞ ማለዳ ነው፤ የጄኔራሉ ዜና ገና አልተሰማም። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል። አንድ ሃያዎቹን የጀመረ ወጣት ገባ። ጸጉሩ ረዘም ያለ፣ ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ፣ በጀርባው ከረጢት። ሻይ አዘዘ፤ ዳቦ ሁለት ጊዜ ጨመረ። ጥግ ላይ፣ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ተቀመጠ።

ሹክሹክታው ከየት እንደጀመረ አላውቅም። «አየኸው? በር በሩን ያያል።» «ከታች ነው የመጣው፣ ከገደሉ።» «ከረጢቱ ይከብዳል።» እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ከበፊቱ ይብሳል። በሩን ያየው መኪና እንዳያመልጠው ሊሆን ይችላል፤ በሰኔ ዝናብ ጫማው ጭቃ ያልሆነ ሰው ደግሞ በዚያች ቤት ውስጥ አልነበረም። ይህን ያሰበ የለም። አንዱ «የእነሱ አጃቢ ነው» አለ። ይህ ከተባለ በኋላ ወሬው ግምት መሆኑ ቀረ፤ ሁሉም እንዳወቀ ሰው ተነሳ። ሁለት ረዳቶች በሩን ዘጉ። አንደኛው ከመኪናው የጎማ መፍቻ ብረት ይዞ ተመለሰ። ልጁ ሻዩን እንደያዘ ቀረ፤ እጁ ሲንቀጠቀጥ ሻዩ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ።

እኛ ጋር ሁልጊዜ ወተት የሚያመጡ፣ ኦቦ የምንላቸው አንድ ሰው አሉ። ቤታቸው ከደርባ ወዲያ የሙገር ገደል አፋፍ ላይ ነው፤ በሽምግልና የታወቁ ሰው ናቸው። ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ተነስተው ልጁ አጠገብ ተቀመጡና በኦሮምኛ ከዚያም በአማርኛ «ልጄ፣ ከየት መጣህ?» አሉት። «ከፍቼ።» «ወዴት ነው?» «ደርባ ጠጠር ማምረቻ የቀን ሥራ አለ ብለውኝ።» «ማን ነው ያለህ?» የአጎቱን ልጅ ስም ጠራ። ኦቦ የአጎቱን ልጅ አያውቁትም፤ የተባለውን ቦታ ግን ያውቁታል። «የቦታው ጥበቃ ማን ይባላል? ሠራተኛ የት ነው የሚያድረው?» ብለው ቀጠሉ። ልጁ የአጎቱ ልጅ የነገረውን ተናገረ፤ የተናገረውም ኦቦ ከሚያውቁት ጋር ገጠመ። መታወቂያውን ራሱ አወጣ። ከረጢቱ ውስጥ ብርድ ልብስ፣ ቅያሪ ሱሪና በፌስታል የተቋጠረ በሶ ነበር።

ብረቱን የያዘው ረዳት ይቅርታ አልጠየቀም፤ ብረቱን ብቻ ይዞ ወጣ። እናቴ የልጁን ሻይ ቀየረችለት፣ ሒሳብም አልተቀበለችውም። ኦቦ ደርባ ድረስ አብረውት ሄዱ። በኋላ «ለምን አብረው ሄዱ?» ብዬ ስጠይቃቸው «መንገድ ላይ ሌላ ቁርስ ቤት አለ» አሉኝ።

ገደል ሰው አይደብቅም

ከዚያ ቀን በኋላ ኦቦን ስለ ሙገር ገደል ብዙ ጠይቄአቸዋለሁ። ከተማ ውስጥ የምንኖር ሰዎች ያ ገደል ሰው የማይደርስበት ይመስለናል። ከጫንጮ ወደ ደርባ ወጣ ብሎ አፋፉ ላይ ለቆመ እውነት ይመስላል፤ ከታች ጭጋግ፣ ከጎን የጭላዳ መንጋ፣ ማዶ ግድግዳ የመሰለ ገደል። እሳቸው ግን ሳቁብኝ። «ውኃ ያለበት ሰው አለ» አሉ። «እረኛ አለ፣ ውሻ አለ፣ ማር የሚቆርጥ አለ፣ እንጨት የሚለቅም አለ። ማታ እሳት ብታነድ ማዶ ያለው ያያል። ባታነድ ብርዱ ይገድልሃል።»

ይህ የሙገር ብቻ አይደለም። የሰሜን ደጋዎቻችን ከሺህ ዓመታት በላይ የታረሱ አገሮች ናቸው። የአባይ ሸለቆ ተዳፋት ላይ ማሽላ ይዘራል፤ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አፋፍ ድረስ ገብስ ይታጨዳል። ከሩቅ ባዶ የሚመስለን መሬት ባለቤት አለው፤ ባለቤቱም እንግዳ ሰው ሲያልፍ ያውቃል። ከብት የሚጠብቅ የአሥር ዓመት ልጅ የማን በሬ ከማን መንጋ እንደተቀላቀለ ከለየ፣ የማያውቀው ሰው ወንዝ ሲወርድ አያመልጠውም።

በእርግጥ የሸፈተ ሰው ለዓመታት በረሃ የኖረበት ታሪክ አገራችን ሞልቷታል። እሱን ግን ያኖረው ሰው ነው። ዘመድ ስንቅ ያቀብለዋል፣ አበልጅ ያስጠልለዋል፣ የአገሬው ሰው ወታደር ሲመጣ ይነግረዋል። ዘመድ የሌለው፣ የሚያቀብለው የሌለው ተሸሻጊ በረሃ ውስጥ የሚቆየው ስንቁ እስኪያልቅ ብቻ ነው።

የታኅሣሥ 1953 ሽሽት

የዚህን እውነት ትልቁን ምሳሌ አገራችን ከ60 ዓመት በፊት አይታዋለች። ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ለጉብኝት ብራዚል ሳሉ የክብር ዘበኛ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ መንግሥት ለመገልበጥ ሞከሩ። ሙከራው ሲከሽፍ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ታግተው የነበሩ ባለሥልጣናት በጥይት ተረሸኑ። ራስ አበበ አረጋይ፣ ራስ ሥዩም መንገሻና አቶ መኮንን ሀብተ ወልድ ከሟቾቹ መካከል ነበሩ። ወንድማማቾቹ ከከተማ ወጡ።

አገር ሁሉ የሚያውቀው መሪ ከነወንድሙ ጠፍቶ መክረሙን የዚያን ዘመን ሽማግሌዎች ዛሬም ያነሱታል። እናቴ ልጅ ሳለች አባቷ ማታ ማታ በሩን በግንድ ይደግፉት እንደነበር ነግራኛለች፤ ሸሽተው በእንጦጦ ጀርባ ወደኛ አገር ይመጣሉ ተብሎ ተፈርቶ ነበር። ወንድማማቾቹ ግን በኛ በኩል አልመጡም። ታኅሣሥ 15 ቀን ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ በዝቋላና በሞጆ አካባቢ ተከበቡ። ገርማሜ እዚያው ሞቱ፤ መንግሥቱ ቆስለው ተያዙ። ጄኔራሉ ፍርድ ቤት ቀርበው መጋቢት 21 ቀን 1953 ዓ.ም. በስቅላት ተቀጡ።

ጦር ያዝዙ የነበሩ፣ አገሩን የሚያውቁ፣ ወታደር የሚያከብራቸው መሪዎች ነበሩ። ከሳምንት በላይ ሸሽተው የተገኙት ከመዲናዋ በመኪና የአንድ ወይም የሁለት ሰዓት መንገድ በሆነ ቦታ ነው። የአያቴ ግንድ ግን በሌላ አቅጣጫ ያለ በር ነበር የሚደግፈው።

በ2011 ክረምት፣ ካናዳ

የባሕር ዳሩ ነገር ከሆነ ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ከኛ ሰሜን እጅግ የሚልቅ የሌላ አገር ሰሜን ተመሳሳይ ነገር አየ። ሐምሌ 8 ቀን 2011 ዓ.ም. በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ በአላስካ አውራ ጎዳና ዳር አንድ አውስትራሊያዊ ወጣትና አሜሪካዊት ጓደኛው ተገድለው ተገኙ። ከአራት ቀን በኋላ በዚያው ክፍለ ሀገር ሌላ መንገድ ዳር የአንድ የ64 ዓመት የዩኒቨርሲቲ መምህር አስከሬን ተገኘ። በአቅራቢያው ሁለት የ18 እና የ19 ዓመት ወጣቶች ይጓዙበት የነበረ መኪና ተቃጥሎ ስለነበር መጀመሪያ የተፈራው እነሱም ተገድለው እንዳይሆን ነው። ሐምሌ 16 ቀን ግን ፖሊስ ሁለቱ ወጣቶች በግድያው የሚፈለጉ ተጠርጣሪዎች መሆናቸውን አስታወቀ።

ከመጀመሪያው ቦታ በሺዎች ኪሎ ሜትር ርቆ፣ በማኒቶባ ክፍለ ሀገር ጊላም በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ፣ ይዘውት የነበረው ሌላ መኪና ተቃጥሎ ተገኘ። ከጊላም ወዲያ ረግረግ፣ ጥቅጥቅ ያለ ደን፣ ትንኝና ድብ ነው። ፖሊስ በውሻ፣ በድሮን፣ በጦር አውሮፕላን ጭምር ከ11,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ አሰሰ።

የሕዝቡ ግምት ከአውሮፕላኑ ይበልጥ ሰፊ አገር አሰሰ። «አየናቸው» የሚል ጥቆማ ለፖሊስ በመቶዎች ደረሰ። ዮርክ ላንዲንግ በምትባል መንደር ሁለት ቀጭን ረጃጅም ወጣቶች ታዩ ተብሎ ብዙ ፖሊስ ወደዚያ ተንቀሳቀሰ፤ ማንንም አላገኘም። ቀጥሎ ከማኒቶባ ውጭ፣ ኦንታሪዮ ድረስ፣ ታይተዋል የሚል ጥቆማ ጎረፈ። ልብስ ቀይረው፣ በማያውቃቸው ሰው መኪና ተሳፍረው አምልጠዋል የሚል ግምት ሰፈነ።

ነሐሴ 1 ቀን የሁለቱም አስከሬን በኔልሰን ወንዝ ዳር ቁጥቋጦ ውስጥ ተገኘ። ከተቃጠለው መኪና ያለው ርቀት 8 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። የአስከሬን ምርመራው ራሳቸውን በጥይት እንዳጠፉ አረጋገጠ።

ፍለጋውን ወደዚያ የመለሰው ነገር ትንሽ ነበር። በወንዙ ላይ በጀልባ እንግዳ የሚያስጎበኝ ሰው ዛፍ ላይ የተጠላለፈ ሰማያዊ የመኝታ ከረጢት አየ። ያየውን፣ ያየበትን ቦታ ጠቅሶ ለፖሊስ ተናገረ። ተጠርጣሪዎቹ እዚያ አሉ አላለም፤ ሰማያዊ ከረጢት አየሁ ነው ያለው። ፖሊስ በዚያ አካባቢ ሲፈልግ ዕቃዎቻቸውን አገኘ፤ ከዕቃዎቹ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ደግሞ እነሱን። በመቶዎች የሚቆጠር «አየናቸው» ያልሠራውን አንድ «ይህን አየሁ» ሠራው።

ለብዙ ዓመት የተሰወረውም ቢሆን ያው ነው። የአትላንታ ኦሎምፒክ ፓርክን በ1988 ዓ.ም. በቦምብ ያጠቃው ኤሪክ ሩዶልፍ በሰሜን ካሮላይና ተራሮች ከአምስት ዓመት በላይ ተሸሽጓል። አሜሪካ አንድ ሚሊዮን ዶላር ሽልማት አቅርባ፣ ብዙ መርማሪ አሰማርታ አላገኘችውም። ግንቦት 23 ቀን 1995 ዓ.ም. የተያዘው መርፊ በምትባል ትንሽ ከተማ ሌሊት ተረኛ የነበረ ጀማሪ ፖሊስ ከአንድ ሱቅ ጀርባ፣ የቆሻሻ ገንዳ አጠገብ ስላየው ነው። ምግብ እየፈለገ ነበር። ተራራው ደበቀው፤ ረሃቡ ግን ማታ ማታ ወደ ሰው ይመልሰው ነበር።

ወሬው ለምን ይሮጣል?

ሰው ክፉ ስለሆነ ብቻ አይገምትም። ፈርቶ ነው የሚገምተው። ገዳይ የት እንዳለ አለማወቅ እንቅልፍ ይነሳል፤ «አባይ በረሃ ገብቷል» ሲባል ግን ነገሩ ቦታ ያገኛል። ራቅ ያለ ቦታ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ያረጋጋል፤ እዚህ የለም ማለት ነውና። ለዚህ ይመስለኛል ግምታችን ሁልጊዜ ተሸሻጊውን ሩቅ አገር የሚሰደው።

የሚያቀጣጥለው ደግሞ የመረጃ ባዶነት ነው። በሰኔ 2011 ኢንተርኔት ለቀናት ተዘግቶ ነበር። ያለው መረጃም ጠንካራ አልነበረም። የጄኔራል ሰዓረ ጠባቂ ራሱን አጥፍቷል ተብሎ በፖሊስ ከተነገረ በኋላ፣ ቆስሎ በሕክምና ላይ ነው ተብሎ ታረመ። በአንድ ቀን ሞተ የተባለ ሰው በማግሥቱ በሕይወት ካለ፣ ሕዝቡ የሚቀጥለውን መግለጫ ለምን ያምናል? መንግሥት የሚያውቀውን ብቻ፣ በጊዜው፣ ሳይቸኩል ቢናገር ኖሮ ከቁርስ ቤታችን ወሬ ግማሹ ባልተወለደ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሌላም ምክንያት አለ። ተጠርጣሪው ፍርድ ቤት ሳይቀርብ ሲሞት ጥያቄው አይሞትም። ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ችሎት ፊት ቀርበው ተጠየቁ፤ የተናገሩትም ተሰማ። ጄኔራል አሳምነውና የካናዳ ወጣቶች ግን ችሎት ሳይቆሙ አለፉ፤ ስለዚህ ማስረጃው ተመዝኖ ፍርድ አልተሰጠባቸውም። ዛሬም ድረስ ስለ ሰኔ 15 ሁለት ሹፌሮች አንድ ጠረጴዛ ላይ አይስማሙም። ፍርድ የጎደለበትን ቦታ ወሬ ሞልቶታል።

ሌባ ሻይና አፈርሳታ

ይህ ችግር አዲስ አይደለም። አባቶቻችን ወንጀለኛ ሲሰወርባቸው ሁለት መንገድ ነበራቸው። አንዱ ሌባ ሻይ ነው። ለአንድ ልጅ የሚያሰክር ነገር ይሰጡታል፤ ልጁ እየተንገዳገደ ይሄድና የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ይባላል። ስንት ንጹሕ ሰው በዚህ ንብረቱን እንዳጣ መገመት አያስቸግርም። ልማዱ በመንግሥት እገዳ ቀረ። ያ ልጅ ግን የቀረ አይመስለኝም። ጫማው ጭቃ የነበረው ወጣት ላይ በር ሲዘጋ ያየሁት እሱኑ ነው፤ ወሬ ጠጥቶ የሰከረ ሕዝብ እየተንገዳገደ መጥቶ በአንድ ሰው ላይ ወደቀ።

ሁለተኛው መንገድ አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ ነው። ወንጀል ሲፈጸም የአካባቢው ሰው በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል። እያንዳንዱ ያየውንና የሰማውን በመሐላ ይናገራል። ይህም የራሱ ግፍ ነበረበት፤ ሰው እርሻውን ትቶ ቀን ይቆጥራል፣ ቂም ያለውም ቂሙን ያወራርድበታል። ሆኖም ከሌባ ሻይ የሚለይበት ታላቅ ነገር አለ። ተናጋሪው በስሙ፣ በአደባባይ፣ በመሐላ ነው የሚናገረው፤ ለቃሉም ተጠያቂ ነው። ቁርስ ቤት ውስጥ «አንድ የማምነው ሰው ነገረኝ» የሚል ሰው ግን ለማንም ተጠያቂ አይደለም።

ያ ተጠያቂነት ሲጠፋ የሚሆነውን ነሐሴ 6 ቀን 2010 ዓ.ም. ሻሸመኔ ላይ አይተናል። ለአቀባበል ብዙ ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ አንድ ሰው ቦምብ ይዟል ተባለ። ሕዝቡ ገደለው፤ ዘቅዝቆም ሰቀለው። ቦምብ አልነበረም። ያ ሰው እናት ነበረችው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ሕጉ ግልጽ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት ሰጥቶታል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ ተፈላጊን እያወቁ መደበቅ ወንጀል ነው። ሐሰተኛ መረጃ ማሠራጨትን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012ም ሥራ ላይ ነው። ይሁንና ሕግ ሁሉን ቁርስ ቤት አይደርስም። ቁርስ ቤት የሚደርሰው የኛ ልማድ ነው።

ጥቆማ መስጠት ጥሩ ነገር ነው፤ የጀልባው ሰው ዝም ቢል ኖሮ የሦስት ሟች ቤተሰቦች መልስ ሳያገኙ በቆዩ ነበር። ጥሩ ጥቆማ ግን ግምት የለበትም። ምን አየሁ? የት ቦታ? በስንት ሰዓት? ምን ለብሶ ነበር? በእግር ነው በመኪና? የመኪናው ታርጋ? ወደየት ሄደ? ዓይን ያየው እዚህ ላይ ያበቃል። «ይመስለኛል» ከተጨመረበት፣ ግምት መሆኑን አብሮ መናገር ይገባል። የሚነገረውም ለፖሊስ ነው፤ ጠረጴዛ ለከበበ ሰው ወይም በስልክ ለሚቀባበል ሁሉ አይደለም። የሰው ፎቶ ለጥፎ «ይህ ነው» ማለት በሩን ዘግቶ ብረት ከማንሳት የሚለየው ብረቱን ሌላ ሰው ስለሚያነሳው ብቻ ነው።

እንግዳ ሰው ቢያጠራጥረንስ? ኦቦ ያደረጉትን ማድረግ ነው። አጠገቡ ተቀምጦ መጠየቅ። እሳቸው ልጁን «ማን ነህ?» ብለው አላፋጠጡትም። እውነት ከሆነ መመለስ የሚችለውን፣ ውሸት ከሆነ ግን የሚያደናቅፈውን ጠየቁት፤ መልሱንም ከሚያውቁት ጋር አመዛዘኑ። ከአፍታ በላይ አልፈጀባቸውም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ያን ማለዳ ግን እስኪያድር የሚጠብቅ ሰው በቤቱ አልነበረም፤ ከእሳቸው በቀር።

ከሰኔ 2011 ወዲህ እኛ ቤት አንድ ደንብ አለ። እናቴ ናት ያወጣችው። ስለ ተፈላጊ ሰው የሚያወራ ደንበኛ «አየህ ወይስ ሰማህ?» ተብሎ ይጠየቃል። አየሁ ካለ ፖሊስ ጣቢያው ሩቅ አይደለምና እዚያ እንዲሄድ ይነገረዋል። ሰማሁ ካለ ወሬው እዚያው ጠረጴዛ ላይ ያበቃል። መጀመሪያ ሰዎች ቅር ይላቸው ነበር። አሁን ሹፌሮቹ ራሳቸው እርስ በርስ ይጠያየቃሉ። በመንገዱ ላይ ያለ ቁርስ ቤት ሁሉ፣ ከሱሉልታ እስከ ደጀን፣ ይህን አንድ ጥያቄ ቢጠይቅ፣ ከፍቼ ሥራ ፍለጋ የሚመጣ ልጅ ሻዩን ጠጥቶ፣ ሒሳቡን ከፍሎ ያለ ሽማግሌ አጃቢ ወደ ሥራው መሄድ ይችላል። ይህን ያህል አንዳችን ለሌላችን ማድረግ አያቅተንም።